«ጎረቤቴ፣ ምን እያነበብሽ ነው?»

ጎረቤት ከጎረቤት ብዙ ነገር ይዋሳል። ወንፊት ይዋሳል። እሳት ይጫጫራል። ጨው ይበዳደራል። አንዷ እናት ገበያ ስትሄድ ሌላዋ ልጅ ትይዝላታለች። ይህ የቆየ የአገራችን ልማድ ነው።

መጽሐፍ የሚዋዋሱ እናቶች ግን ብዙ አይደሉም። ለምን ይሆን? መጽሐፍ የተማሪና የመምህር ብቻ ስለሚመስለን ነው? ወይስ «እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ምን አውቄ ስለ መጽሐፍ አወራለሁ?» ስለምንል ነው?

እህቶች፣ ፊደል የለየች እናት ሁሉ አንባቢ ናት። አንባቢ ደግሞ ያነበበችውን ለሌላዋ ትነግራለች። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ፊደል እንዳይጠፋ

ፊደል እንደ ማጭድ ነው። ማጭድ ካልሠሩበት ይዝጋል። ፊደልም ካላነበቡበት ይጠፋል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ የሚታዩት ፊደሎች ይምታታሉ። ቀጥሎ ንባቡ ይጎተታል። በመጨረሻ ሰው ደብተሩን ዘግቶ «እኔማ ረስቼዋለሁ» ይላል።

ይህ በአገራችን የታየ ነገር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ጎልማሶች ከእርሻና ከቤት ሥራ በኋላ እየተሰበሰቡ ፊደል ቆጠሩ። ትምህርቱ በመጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሚሊዮኖች ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ኢትዮጵያም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘች።

ታዲያ ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ምን ሆነ? የሚነበብ ነገር ያገኙት በንባባቸው ገፉ። የሚነበብ ነገር ያጡት ብዙዎቹ ተመልሰው ረሱ። በዘመቻው ጊዜ በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤቶች የተከፈቱትም ይህ እንዳይሆን ነበር። ይሁን እንጂ ንባብ ቤቱ ለሁሉም አልደረሰም። በተለይ ውኃና እንጨት ስትሸከም የምትውል እናት ንባብ ቤት ሄዳ ለመቀመጥ ጊዜ ከየት ታመጣለች?

በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ማንበብ የቻሉት ከመቶ 42 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከወንዶቹ ግን ከመቶ 69 ያህሉ ማንበብ ችለዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ፊደል መቁጠር ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚነበብ ነገርና አብሮ የሚያነብ ሰው ማግኘት ነው። አብሮ የሚያነብ ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አጥሩን ተሻግሮ ይገኛል።

የጋምቤላ እናት ሁለት ሸክም

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር ናት። አኝዋዎች ወንዙን ኦፔኖ ይሉታል። በክልሉ አኝዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎና ከሌላም ቦታ ብዙ ሰዎች መጥተው ሰፍረዋል። ለንግድና ለመንግሥት ሥራ የመጡም አሉ። ስለዚህ በአንድ መንደር፣ በአንድ የማንጎ ጥላ ሥር ሦስትና አራት ቋንቋ ይሰማል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚግባባው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል የአኝዋም የኑዌርም ቋንቋ አልነበረም። እዚህ ያለች እናት ፊደል ስትማር በእናቷ ቋንቋ አልነበረም ማለት ነው። አንዱ ሸክም ፊደሉ ነው። ሌላው ሸክም ቋንቋው ነው። ሁለቱን በአንድ ራስ ተሸክማ ነው የተማረችው።

ነገር ግን ይኸው ሸክም አንድ ጥቅም አለው። አንዲት እናት ያነበበችውን በአማርኛ ትነግራለች። ሁለተኛዋ ያንኑ በአኝዋ ቋንቋ ለእናቷ ትነግራለች። ሦስተኛዋ በኑዌር ቋንቋ ለአማቷ ትነግራለች። አንድ ገጽ ሦስት ቤት ገባ ማለት ነው። ደግሞም ያነበብነውን ነገር በራሳችን ቋንቋ መልሰን ስንናገር፣ መግባቱንና አለመግባቱን ያኔ እናውቃለን። የገባን ነገር ይነገራል። ያልገባን ነገር አፍ ላይ ይቀራል። ያኔ ተመልሶ ማንበብ ነው።

ንባብ ከቤት ይጀመራል

«መጽሐፍ የለኝም» የምትል እናት ቤቷን ትፈትሽ። የሚነበብ ነገር አለ።

የልጇ የክትባት ካርድ አለ። በካርዱ ላይ ቀን ተጽፏል። ሕፃን እንደተወለደ ይከተባል። ከዚያም በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንትና በ14 ሳምንት ይከተባል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ በ15 ወር ይደገማል። ካርዱን ማንበብ የምትችል እናት ቀኑ አያልፍባትም። ጎረቤቷንም «የአንቺስ መቼ ነው? እስቲ አምጪው እንየው» ትላታለች። ይህም መጽሐፍ መዋዋስ ነው።

የመድኃኒት ወረቀት አለ። በጋምቤላ ወባ ብዙ ቤት ያንኳኳል። ለወባ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ነው። የሚወሰደው ለ3 ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ልጁ በሁለተኛው ቀን ተሽሎት መጫወት ይጀምር ይሆናል። እናት «ድኗል» ብላ የቀረውን መድኃኒት ካስቀመጠች በሽታው ሊመለስ ይችላል። የጤና ባለሙያው የጻፈውን ያነበበች እናት ግን እስከ መጨረሻው ትሰጣለች።

ለተቅማጥ የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢትም ጽሑፍ አለው። አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ውኃው ካነሰ ወይም ከበዛ ጥቅሙ ይበላሻል። የተበጠበጠው ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእናቶች የሚሰጡት ሥዕል ያለበት የቤተሰብ ጤና መመሪያም አለ። ሥዕሉ ንባቡን ያግዛል። ጽሑፉ አጫጭር ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጥሩ ነው።

አሁንም በጣት አሻራ የሚፈርም ሰው አለ። ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ ጣቱን ያስነካል። ማንበብ የምትችል እናት ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው» ትላለች። ለራሷም ለጎረቤቷም ታነባለች። ስለ መሬት ይሁን፣ ስለ ብድር ይሁን፣ የተጻፈውን አውቃ ትፈርማለች።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

«ጊዜ የለኝም» የምትል እናት እውነቷን ነው። የቤት ሥራ አያልቅም። ቢሆንም ቡና ይጠጣል። ቡና በሚጠጣበት ቤት ደግሞ ሰው ይሰበሰባል። ስለዚህ ለንባብ አዲስ ጊዜ መፈለግ አያስፈልግም። ንባቡን ወደ ቡናው ማምጣት ይበቃል።

እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ቡናው እስኪቆላና እስኪፈላ አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብ። አቦል ሲቀዳ ንባቡ ይቁም። በአቦል ላይ ያልገባ ቃል ይጠየቅ። በቶና ላይ ስለ ታሪኩ ይወራ። በበረካ ላይ መጽሐፉ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጥ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ አያንብብ። ፈጣኗ ሁለት ገጽ ብታነብ ጀማሪዋ ሁለት መስመር ታንብብ። ሁለት መስመርም ንባብ ነው። ማንም አይሳቅባት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ምን ይነበብ?

ከካርዱና ከመመሪያው ሻል ያለ ነገር ሲፈለግ ወደ መጻሕፍት መሄድ ነው። ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

አጭር ነገር የምትፈልግ እናት በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ትጀምር። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው። አንዱን በአንድ ቡና መጨረስ ይቻላል። እያንዳንዱ ምክር አለው። ብዙዎች በትምህርት ቤት ያነበቡት መጽሐፍ ስለሆነ በአካባቢው የሚያውቀው ሰው አይጠፋም።

ለልጆች የሚሆን የምትፈልግ እናት የተረት መጻሕፍት ታንብብ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። የተረት መጻሕፍትም ጽፈዋል። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከዚህ ዓለም ተለዩ። ተረት ለጀማሪ አንባቢ ይቀላል፤ ምክንያቱም ታሪኩ ከሚሄድበት አካሄድ ጋር ከልጅነታችን ጀምሮ እንተዋወቃለን።

የጋምቤላ ተረትም መጽሐፍ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ኤልሳቤጥ ሌርድ የተባለች እንግሊዝ አገር የምትኖር ደራሲ ከኢትዮጵያ ክልሎች ተረት ሰብስባ ነበር። ጋምቤላም መጥታ ተረት ነጋሪዎችን አዳምጣለች። ከሰበሰበቻቸው ተረቶች ለተማሪዎች የሚሆኑ ቀላል የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚጽፈውን ተረት እኛ ከአያቶቻችን አፍ ሰምተን በደብተር ብንጽፈው ምን ይከለክለናል? መጻፍ የምትችል እናት አንድ ተረት ትጻፍ። ጎረቤቷ ታንብበው። ያም መጽሐፍ ነው።

የሴት ድርሰት ማንበብ የምትፈልግ እናት የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ስም ታስታውስ። እሳቸው በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን አሳትመዋል። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። በአገራችን ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅ ፊደል ብትማር ወዴት እንደምትደርስ ሕይወታቸው ራሱ ይነግራል።

ወፍራሙን መጽሐፍ የምትደፍር እናት ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለላት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ነው። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ይህ መጽሐፍ ማንበብ ለማይችሉም ደርሷል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል። ፊደል የማያውቁ እናቶች ሳይቀሩ ሬዲዮ ከብበው ሰምተውታል። ዛሬ ያን የሰማች እናት ራሷ ልታነበው ትችላለች።

«500 ገጽ እንዴት ይቻላል?» ትሉ ይሆናል። እናስላው። በሳምንት 3 ቀን ቡና ላይ 5 ገጽ ቢነበብ በሳምንት 15 ገጽ ይሆናል። 500 ገጽ ለ15 ሲካፈል ከ33 ሳምንት ትንሽ ይበልጣል። 8 ወር ገደማ ማለት ነው። በቆሎ ሁለቴ ሳይሰበሰብ ያልቃል።

ስላነበቡት ለሌላ መንገር

መጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው። ለሌላ እናት «ይህን አንብቢ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ስንነግራት ሦስት ነገር ይበቃል። ስለ ማን ነው? ምን ሆነ? እኔን ምን ጠቀመኝ? መጨረሻውን ግን አንናገርም። መጨረሻውን ከነገርናት ለምን ታነባለች?

እንበልና ሁለት ጎረቤታሞች ወፍጮ ቤት ተራ እየጠበቁ ነው።

«እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ? ያን መጽሐፍ ጨረስሽው?»

«ኧረ ገና ነኝ። ግማሹ ላይ ደርሻለሁ።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«በዛብህ የሚባል የድሃ ልጅ አለ። የባላባት ልጅ እንዲያስተምር ተጠራ። ሰብለ ወንጌል ትባላለች። ንባብና ጽሕፈት ሲያስተምራት ተዋደዱ።»

«ጉድ! አባቷ ሰማ?»

«እሱን አልነግርሽም። ራስሽ አንብቢው።»

«አይ፣ እኔ እንዲያ ያለ ወፍራም አልችልም።»

«ብቻሽን ማን አለሽ? ሐሙስ ቡና እኔ ቤት ነው። ነይና ሁለት መስመር አንብቢ። ሌላውን እኔ አነብልሻለሁ።»

እንዲህ ያለ ወሬ ደስ ይላል። ሰው አያማም፤ ጎረቤት አያጣላም። ደግሞም ያቺ እናት ሐሙስን ትጠብቃለች።

ያነበብነው ካልጣመንስ? ይህንንም መናገር ነው። «እኔን አልያዘኝም፤ ቃሉ ከበደኝ» ማለት ነውር አይደለም። አንዷን የከበዳት ሌላዋን ሊጥማት ይችላል።

እናት በፊደል፣ ልጅ በላቲን

በጋምቤላ ዛሬ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአኝዋ፣ በኑዌርና በመዠንግር ቋንቋ ይማራሉ። እነዚህ ቋንቋዎች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እናት ያወቀችው ደግሞ ሀ ሁ ሂ ነው። ስለዚህ እናት የልጇን ደብተር ታይና «ይኸ የኔ ፊደል አይደለም» ትላለች። አንዳንዷ በዚህ ታፍራለች።

የሚያሳፍር ነገር የለውም። ይልቅስ መለዋወጥ ይቻላል። ልጁ የራሱን መጽሐፍ በላቲን ፊደል ለእናቱ ያንብብ። ቋንቋው የእሷ ስለሆነ ስሕተቱን ትሰማለች፤ ታርመዋለች። እናት ደግሞ የአማርኛ መጽሐፏን ለልጇ ታንብብ። ልጁ አማርኛ ሲጀምር ፊደሉ እንግዳ አይሆንበትም። እናት መምህር፣ ልጅ መምህር፤ እናት ተማሪ፣ ልጅ ተማሪ።

መጽሐፍ ሲዋሱ

መጽሐፍ የሚዞረው ሲጠበቅ ነው። በጋምቤላ ሙቀት አለ፤ ዝናብ አለ፤ ምስጥ አለ። ስለዚህ፦

1. መጽሐፉን በላስቲክ ወይም በወፍራም ወረቀት እንሸፍን።

2. መሬት ላይ ወይም ግድግዳ አስጠግተን አናስቀምጥ። ምስጥ ይበላዋል። ከፍ ያለ ቦታ ወይም ክዳን ያለው ሣጥን ይሻላል።

3. የደረስንበትን ገጽ አንጠፍ። ቁራጭ ወረቀት ወይም ክር እናስገባ።

4. አንድ ደብተር ይኑር። የወሰደችው እናት ስም፣ የመጽሐፉ ስም፣ የወሰደችበት ቀንና የምትመልስበት ቀን ይጻፍበት። የወሰደችው እናት ራሷ ትጻፍ። ይህም የጽሕፈት ልምምድ ነው።

5. የተቀደደ ገጽ ሳይውል ሳያድር ይለጠፍ።

መጽሐፍ ለመግዛት ደግሞ እቁብ አለ። አሥር እናቶች በወር 20 ብር ቢያዋጡ 200 ብር ይሆናል። በአንድ ወር ካልበቃ በሁለት ወይም በሦስት ወር ይበቃል። አንዲት እናት ብቻዋን የማትገዛውን አሥሩ ይገዙታል። አሥሩም ያነቡታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

በሌላም አገር

መጽሐፍ ወደ አንባቢው መሄድ እንዳለበት ሌሎችም አውቀዋል። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ጋሪሳ በተባለው ቦታ፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ መጻሕፍት በግመል ተጭነው ወደ አርብቶ አደሮች ተወስደዋል። ሰዉ ከብቱን ተከትሎ ስለሚዞር መጽሐፉም ተከትሎት ዞረ። በአገራችንም በ1990ዎቹ መጨረሻ በሐዋሳ አህያ የሚጎትተው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተጀምሮ ነበር። ይህን ያቋቋሙት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው።

ጋምቤላ ውስጥ ግመል ላይኖር ይችላል። በባሮ ላይ ታንኳ አለ። ገበያ የሚወጣና የሚገባ ዘመድ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቤት ቤት የምትሄድ እናት አለች። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ወይም በቅርጫቷ አንድ መጽሐፍ ብትይዝ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሆነች ማለት ነው።

ለዚህ ሳምንት

እህቶች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ቤታችሁ ያለውን የሚነበብ ነገር አንሡ። ካርድ ይሁን፣ የልጅ መጽሐፍ ይሁን፣ የጸሎት መጽሐፍ ይሁን፣ ይህ ጋዜጣም ይሁን። አንድ ገጽ አንብቡ። ከዚያ ጎረቤታችሁን «ምን እያነበብሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምንም» ካለች ያነበባችሁትን ስጧት።

ጳጉሜን 3 ቀን የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን ይከበራል። እስከዚያ ድረስ ይህች ጋዜጣ ስንት እጅ ትዞር ይሆን? ቁጥሩን የሚወስኑት አንባቢዎቿ ናቸው።

ለመወያያ

1. በቤታችሁ ምን የሚነበብ ነገር አለ?

2. በቅርቡ ካነበባችሁት ውስጥ ለጎረቤት የምትነግሩት የትኛውን ነው? ለምን?

3. በመንደራችሁ የመጽሐፍ እቁብ ቢጀመር መጀመሪያ የሚገዛው ምን ይሁን?

4. ከአያታችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ቡና ላይ አንብቡት።